ምስክሩ ሳይዋሽ ፍርዱ ሲሳሳት

እግዚአብሔር ለሰው ዐይንን የሰጠው እንዲያይበት፥ ልቡናንም የሰጠው ያየውን እንዲመረምርበት ነው። ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ ሰው ወደ እውነት ይደርሳል። ዐይን ቀድሞ ልቡና ወደ ኋላ ሲቀር ግን ሰው መልኩን ያየውን ነገር ሁሉ ምሥጢሩን ያወቀ ይመስለዋል፤ እንደ መሰለውም ይፈርዳል፤ የፍርዱም ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በራሱ ላይ ሳይሆን በባልንጀራው ክብርና ሕይወት ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ለመመርመር አስበናል። የታመነ ምስክር መጥቶ የታመነውን ሕግ የሚያፈርስ ነገር በዐይኔ አየሁ ቢለን ምን ልናደርግ ይገባናል? ምስክሩን ሐሰተኛ እንበለውን? ወይስ ሕጉ ፈርሷል እንበል? ወይስ ከሁለቱ የተሻለ ሦስተኛ መንገድ አለ?

ምሳሌውን የምናመጣው ከሰማይ ነው። የሰማይን ነገር መመርመር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ትምህርት አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህር አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣው ጨረቃ ዛሬ ታየች ወይም አልታየችም እያለ ወደ ላይ በማንጋጠጥ ሳይሆን አበቅቴንና መጥቅዕን በማስላት ነው። ዐይን ፀሐይንና ጨረቃን አስተካክሎ ያሳየናል፤ ሒሳብ ግን የፀሐይ ወርድ ከጨረቃ ወርድ 400 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ፥ ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ በዐይናችን እኩል መስለው እንደሚታዩ ያስረዳናል። ዐይን አልዋሸም፤ መልኩን እንዳለ አቀረበልን። ርቀቱን ጨምሮ መፍረድ የልቡና ድርሻ ነበር።

ዐይን የማያየው ነገር ርቀት ብቻ አይደለም፤ ጊዜም አለ። በዝናብ ወራት በአርባ ምንጭ ከተማ ሆኖ ወደ ጋሞ ደጋ የሚመለከት ሰው መብረቁን አስቀድሞ ያያል፤ ነጐድጓዱን ግን ቆይቶ ይሰማል። ድምፅ አንዱን ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፥ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የወደቀ እንደ ሆነ ነጐድጓዱ የሚደርሰው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው። ሁለቱ ግን በአንድ ቅጽበት የሆኑ ናቸው።

ብርሃን ራሱም እንደ ድምፅ መንገደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1676 ዓ.ም. ኦሌ ሮመር የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በጁፒተር ዙሪያ የምትዞረውን አንዲት ጨረቃ ሲመረምር፥ ምድራችን ከጁፒተር በምትርቅበት ወራት የዚያች ጨረቃ ግርዶሽ ከሚጠበቅበት ሰዓት ዘግይቶ፥ በምትቀርብበት ወራት ደግሞ ቀድሞ እንደሚታይ አስተዋለ። እርሱም ጨረቃይቱ ሥርዐቷን አፈረሰች አላለም፤ ዐይኔ አታለለኝም አላለም። ግርዶሹ በሰዓቱ ሆኗል፤ ወሬውን የሚያመጣልን ብርሃን ግን በመንገድ ቆይቷል ብሎ ፈረደ። የብርሃን ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ዛሬ ተረጋግጦ ይታወቃል። ይህን ያህል ፈጣን ሆኖ ሳለ ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. አንስታይን ካስተማረው ትምህርት የተነሣም ማናቸውም ግዙፍ ነገር ከብርሃን ቀድሞ ሊሄድ እንደማይችል ሊቃውንት ተቀበሉ፤ እስከ ዛሬም ይህን ሕግ ያፈረሰ አልተገኘም።

አፈረሰው የተባለ ነገር ግን ታይቷል። የታየውም ጋላክሲ በሚባሉት እጅግ ብዙ ከዋክብት በተሰበሰቡባቸው ጉባኤያተ ከዋክብት ዘንድ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ስለሚልኩ የራዲዮ ጋላክሲዎች ይባላሉ። በማእከላቸው ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት፥ ከስበቱ ብርታት የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ከባድ አካል አለ። እየዞረ ወደ እርሱ ከሚወርደው የጋለ ነገር ከፊሉ ወደ ውስጥ ሳይገባ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ተወርውሮ እንደ ጅረት ይወጣል። አባቶቻችን ሰንቡላ በሚሉት የሰማይ ክፍል ያለው ኤም 87 የተባለው ጋላክሲ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ርቀቱ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። አሜሪካዊው ሄበር ከርቲስ ከማእከሉ የወጣውን ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. አይቶ መዝግቦታል። ጥቁር ጉድጓዱ 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን የሚያህል ክብደት አለው፤ በብዙ አገሮች ያሉ የራዲዮ ቴሌስኮፖች ተባብረው ያነሡት የጥላው ሥዕልም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ለዓለም ታይቷል።

ነገሩ ሩቅ ቢሆንም ከእኛ ሰማይ ውጭ አይደለም። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ ኤም 87 ከአናቷ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያልፋል። ሠውር በሚባለው የሰማይ ክፍል የሚገኘው፥ 450 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የራቀው 3ሲ 120 የተባለው የራዲዮ ጋላክሲ ደግሞ ከከተማይቱ አናት አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይርቅ ያልፋል። የሚያልፍበትም ጊዜ በኅዳር ጽዮን ሰሞን እኩለ ሌሊት ገደማ፥ ካህናቱ ለማሕሌት በሚቆሙበት ሰዓት ነው። በባዶ ዐይን አይታይም፤ በራዲዮ ቴሌስኮፕ ለሚመለከቱት ግን በጅረቱ ውስጥ ያሉት ብሩሃን ክፍሎች ብርሃንን ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚበልጥ ፍጥነት ያላቸው መስለው ይታያሉ። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ወርድ 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሰማይን ጥናት ይማሩባቸዋል።

ይህ እንግዳ ነገር በመጀመሪያ የተገለጠው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1970 እስከ የካቲት 1971 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ አንዱ በካሊፎርኒያ፥ ሁለተኛው በማሳቹሴትስ የቆሙ ሁለት የራዲዮ ቴሌስኮፖች በ3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ሳሉ እንደ አንድ ዐይን ሆነው 3ሲ 279 የተባለውን ኳዛር ተመለከቱ። ኳዛር የሚባለው ማእከሉ ከከዋክብቱ ሁሉ ይልቅ እጅግ የሚያበራ ጋላክሲ ነው። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ብሩሃን ነጥቦች ተራርቀው ተገኙ። የተራራቁበት መጠን ለጊዜው ሲካፈል፥ ፍጥነቱ የብርሃንን ፍጥነት 10 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሆኖ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ የርቀቱ ልክ ተሳስቷል፤ ኳዛሮች እንደሚባለው ሩቅ አይደሉም አሉ። ሌሎችም የሄደ ነገር የለም፤ የቆሙ መብራቶች በተራ እየበሩ እየጠፉ ነው አሉ። በደመራ ማታ በደጋው ተረተር ላይ ችቦ ከደጅ ወደ ደጅ በተራ ሲለኮስ፥ ከቆላ ለሚያይ ሰው አንድ እሳት በተራራው ላይ የሮጠ ይመስላልና። ሕጉ ራሱ ተሽሮ ይሆንን ብለው የጠየቁም ነበሩ። እውነተኛው መልስ ግን ነገሩ ከመታየቱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። በካምብሪጅ ገና ተማሪ የነበረው ማርቲን ሪስ፥ ወደ እኛ ፊቱን መልሶ ወደ ብርሃን በሚጠጋ ፍጥነት የሚመጣ ነገር ከብርሃን የፈጠነ መስሎ ሊታየን እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. በሒሳብ አመልክቶ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በጋሞ መንገድ እንመስለው። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን ቁልቁለት፥ ለሒሳብ እንዲቀልል፥ 36 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ እንግዳ ከጨንቻ በበቅሎ ተቀምጦ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሣ፤ ሲነሣም «አሁን ተነሥቻለሁ» ብለህ ንገር ብሎ አንድ ሯጭ አስቀደመ። ሯጩ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እየሮጠ በ4 ሰዓት አርባ ምንጭ ደረሰ። እንግዳውም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በ4 ሰዓት ተኩል ደረሰ። ከቤቱ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ስለ ሰዓቱ ሳይጠይቅ ቢቀር ምን ብሎ ይፈርዳል? መልእክቱን በ4 ሰዓት ሰማሁ፤ እንግዳውን በ4 ሰዓት ተኩል አየሁ፤ እንግዲህ 36 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት መጣ፤ በቅሎው ከሯጩ 8 ጊዜ ይፈጥናል ይላል። ነገር ግን በቅሎው ከሯጩ ፊት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልቀደመም። ሯጩ አልዋሸም፤ እንግዳውም አልበረረም። የተሳሳተው የሰማበትን ሰዓት የተደረገበት ሰዓት አድርጎ የቈጠረው አድማጭ ነው።

በሰማይ ያለውም ሥራ ይኸው ነው፤ ሯጩ ብርሃኑ፥ ባለ በቅሎውም ብሩሁ የጅረቱ ክፍል ነው። የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር በሰማይ የምናየው ወደ እኛ የመጣውን ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። በቍጥር ስናስቀምጠው፥ አንድ የጅረት ክፍል በ100 ዓመት 99 የብርሃን ዓመት ሄደ እንበል፤ ይህ ከብርሃን ያነሰ ፍጥነት ነው። ጕዞው ሰያፍ በመሆኑ 98ቱን ወደ እኛ ቀርቦ፥ 14ቱን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ተጓዘ። በመጨረሻ የላከው ብርሃን በመጀመሪያ ከላከው ይልቅ በ98 የብርሃን ዓመት ቀርቦ የተነሣ ስለሆነ፥ ሁለቱ መልእክቶች እኛ ዘንድ የሚደርሱት በ2 ዓመት ልዩነት ብቻ ነው። እኛም 14 የብርሃን ዓመት በ2 ዓመት ተሄደ ብለን ፍጥነቱ የብርሃን 7 እጥፍ ነው እንላለን። የመቶ ዓመት ጕዞ በሁለት ዓመት ተጠቅልሎ ታየን ማለት ነው። የኤም 87 ርቀት በሌላም መንገድ ተለክቶ የታወቀ ሲሆን፥ በሀብል ቴሌስኮፕ የተመለከቱት ሊቃውንት የጅረቱ ክፍሎች እስከ 6 እጥፍ የብርሃን ፍጥነት ያላቸው መስለው እንደ ታዩ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ባስታወቁ ጊዜ፥ ነገሩ በርቀት ልክ ስሕተት ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ።

ሁለተኛም ነገር አለ። ጅረቱ ከማእከሉ የሚወጣው ወደ ሁለት ወገን ቢሆንም፥ በኤም 87 ጐልቶ የሚታየን አንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን ነገር ብርሃኑን አከማችቶ የሚልከው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ፥ ወደ እኛ የሚመጣው እጅግ ደምቆ፥ ከእኛ የሚርቀው እጅግ ደብዝዞ ይታያል። የደበዘዘው የሌለ አይደለም፤ ፊቱን ወደ እኛ ያልመለሰ ነው እንጂ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? በመጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በሦስተኛው መንገድ ነው። ምስክሩን ማዋረድ አላስፈለገም፤ ሕጉን መሻርም አላስፈለገም። ያስፈለገው በምስክሩና በፍርዱ መካከል ተደብቆ የገባውን ያልተመረመረ አሳብ አውጥቶ ማየት ነው። ይህ አሳብ ማንም ሳይናገረው፥ ማንም ሳይጠራው በልብ የሚገባ ስለሆነ እጅግ ያስፈራል። ሐሰተኛ ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ መያዝ ይቻላል፤ ከእውነተኛ ምስክር ቃል ላይ የራሳችን ልብ የሚወልደውን ሐሰት ግን ማን ይይዘዋል?

አንድ የዶርዜ ሸማኔን እናስብ። ገና በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሃያ ዓመት ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውር፥ እየበላ ሳይጠግብ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ሲያኖር የመንደሩ ሰው አላየውም። በሃያ አንደኛው ዓመት ተመልሶ በአንድ በጋ ያማረ ቤት ቢሠራ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ያየዋል። የሃያውን ዓመት ድካም ለአንድ በጋ ያካፍልና፥ «ይህ ሁሉ ሀብት እንዲህ ባጭር ጊዜ ከየት መጣ?» ይላል። ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ «ሰርቆ ይሆናል» ወደሚለው፥ ከዚያም «ያለ መተት አልሆነም» ወደሚለው ለመድረስ ብዙ መንገድ አያስፈልግም። ቤቱ መሠራቱ እውነት ነው፤ በአንድ በጋ መሠራቱም እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን የንጹሕ ሰው ስም ይገድላል።

ከዚህም የሚከፋው በበደል ላይ የሚደረገው ነው። ባል ስለ ሚስቱ ወይም ሚስት ስለ ባሏ ለንስሐ አባት የሠላሳ ዓመት ቅሬታ በአንድ ማታ ያፈስሳሉ። በመጀመሪያው ዓመት የተነገረ ክፉ ቃል፥ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የተነፈገ ገንዘብ፥ ባለፈው ወር በዘመድ ፊት የተሰማ ዘለፋ፥ ሁሉም በአንድ ማታ ይደርሳሉ። አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ሰሚው ግን በሠላሳ ዓመት የተበተነውን በአንድ ማታ ስለ ሰማው፥ ያልተነገሩት ደግ ቀናት ከመካከሉ ስለ ወጡ፥ ተከሳሹ ከክፋት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ይመስለዋል። በዚያ ላይ ተናጋሪው በፊቱ ቆሟል፤ እንባውም ይታያል፤ የራቀው ወገን ግን እንደዚያ እንደ ሁለተኛው ጅረት ደብዝዟል። መካሪ አባትም ሆነ አስታራቂ ሽማግሌ፥ የደበዘዘውን የለም ብሎ እንዳይፈርድ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ እንዲህ ከሆነ በዳይ ሁሉ በምርመራ ስም ሊያመልጥ ነው፤ የተበደለውም ፍርድ አጥቶ ሊቀር ነው ይል ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነውና ልናልፈው አይገባም። ነገር ግን ልብ እንበል። ሒሳቡ ከታረመ በኋላ የጅረቱ ፍጥነት ኢምንት ሆኖ አልተገኘም፤ ከብርሃን ፍጥነት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ሊደርስ የሚችል፥ እጅግ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው። እንዲሁም እውነተኛ በደል በሰዓቱና በልኩ ከተመረመረ በኋላ በደል መሆኑ አይቀርም፤ የሚቀርለት ያልሠራው ብቻ ነው። ደግሞም መመርመር ማዘግየት ማለት አይደለም። በአደጋ ላይ ያለውን ፈጥኖ መጠበቅ ይገባል፤ ይህ ጥበቃ ነው እንጂ ገና ፍርድ አይደለም። ሰውን ከአደጋ ለማውጣት መቸኰል መልካም ነው፤ በሰው ላይ ለመፍረድ መቸኰል ግን የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ነው፤ ያውም የፈሰሰው የሰው ክብር ሲሆን ተለቅሞ አያልቅም።

የጋሞ አገር ሰዎች ለዚህ ትምህርት ሥራቸውን ምስክር አድርገው አሳይተዋል። በጋሞ ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ላይ ነገር የሚቀርበው ሁሉ በሚሰማበት፥ ተከራካሪዎቹም ተራ በተራ በሚናገሩበት ሥርዐት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ሕይወት ጠፋ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በኀዘንና በቍጣ ወጡ፤ ቍጣቸውም በዚያች ከተማ ወደሚገኘው የሌላ ወገን ንብረት ሲያዘነብል፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ቆሙ፤ ተንበርክከውም ለመኑ። ወጣቶቹም ሣሩን አክብረው ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ያደረጉትን በጥንቃቄ እንመልከት። የመጣው ወሬ ሐሰት አልነበረም፤ የሞቱት በእውነት ሞተዋል፤ ኀዘኑም ተገቢ ኀዘን ነበር። ሐሰት ሊሆን የነበረው ከወሬው ላይ ሊወለድ የተቃረበው ፍርድ ነበር። በሩቅ የተደረገው በደል በቅርብ ባለው፥ እጁ በሌለበት ጎረቤት ላይ ሊቈጠር ነበርና። እነርሱም ምስክሩን ሳያስተባብሉ፥ አትግደል የሚለውም ሕግ እንዲፈርስ ሳይፈቅዱ፥ በምስክሩና በፍርዱ መካከል ገብተው ተንበረከኩ። ሊቃውንቱ በሒሳብ ያደረጉትን እነዚህ አባቶች በጉልበታቸው አደረጉት።

ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፥ ክፉም ሆነ እንግዳ ወሬ በደረሰን ጊዜ ከመፍረዳችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። ይህ ወሬ ከየት ተነሣ? የተደረገው መቼ ነው፥ የደረሰንስ መቼ ነው? በማን በኩልና በምን መንገድ አለፈ? ፊቱን ወደ እኛ ያልመለሰው ወገን ወዴት አለ? ዛሬ ወሬ በስልክ ከአገር ወደ አገር በቅጽበት ይደርሳል፤ የመልእክተኛው ፍጥነት ጨምሯል፤ የሰሚው ጥንቃቄ ግን በዚያው ልክ ካልጨመረ የጥንቱ ሯጭ ካደረሰው ጉዳት የሚበልጥ ይደርሳል። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባል፥ አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ጥራታቸው የሚታወቀው ከሚፈልቁበት ስፍራ ሲቀዱ ነው፤ ታች ወርዶ ከደፈረሰው የቀዳ ሰው ምንጩን ሊነቅፍ አይገባውም።

ወደ ምንጩ የሚያደርስ ትዕግሥትን፥ በደረስንም ጊዜ በቅን የምንፈርድበትን ማስተዋል አምላካችን ያድለን።